ስንዝር የተከፈተ በር

ፕለም ኮርት፣ ኦማሃ፣ ነብራስካ
ማርች 12

ይድረስ ለተከበሩ ወይዘሮ ኮሪን፤

ለጤናዎ እንደምን አሉ? ልጅዎ ኢንግሪድስ ሕክምናው እንዴት ይዟታል? እኔ ደህና ነኝ፤ ደህና ማለቴ እንደተለመደው ተናድጃለሁ ማለቴ ነው። ባለፈው እሑድ በስልክ ስለጮህኩብዎ ይቅርታ ያድርጉልኝ። የጮህኩት በእርስዎ አልነበረም፤ ግን የሰማው ጆሮ የእርስዎ ነበር። «ዌንዴል፣ ከእንግዲህ ጻፍልኝ፤ ስትጽፍ ቢያንስ አራት ነጥብ ላይ ስትደርስ ትተነፍሳለህ» ያሉኝን ተቀብዬ ይኸው ጽፌያለሁ።

የጠየቁኝን ልመልስ። አዎ፣ ቀጥረናል። የቤት ባለቤቶች ማኅበራችን ከዚህ ወር ጀምሮ የሚተዳደረው በንብረት አስተዳደር ድርጅት ነው። አዎ፣ በእርስዎ ውክልና የሰጠሁትም ድምፅ የድጋፍ ነው። ወረቀቱን ፈርመው ባዶውን ሲተዉልኝ «ለቤቴ የሚበጀውን አንተ ታውቃለህ» ብለውኝ ነበር፤ የሚበጀው ይህ ነው ብዬ አመንኩ።

ምክንያቱን ያውቁታል። ኮሚቴው ሦስት ሰው ነው ይባላል እንጂ ፖኮርኒ ወደ ልጁ ዘንድ ከሄደ፣ ዶናም ስልክ ማንሳት ካቆመች ወዲህ ኮሚቴው እኔ ነኝ። በረዶ ጠራጊው ሲቀር የሚደወለው ለእኔ ነው። የኩሬው ፓምፕ ሲቆም ለእኔ ነው። የራስሙሰን ጀልባ ደጁ ላይ ተጎልቶ ሲከርም «ለምን ዝም ትለዋለህ» የሚሉኝ ሰዎች፣ ስናገረው ደግሞ «ምን አለበት ብትተወው» ይሉኛል። ቀን የመንግሥት ድልድይ ስፈትሽ እውላለሁ፤ ድልድይ ቢያንስ ስንጥቁን ሲያሳዩት አይሳደብም። ማታ እራት ላይ ስቀመጥ ስልኩ ይጮኻል። ሰፈሩ የሚጠላው ሰው መሆን ሰለቸኝ። ሰፈሩ የሚጠላው ሰው ካስፈለገው እንቅጠርለት አልኩ።

ስለ ላይል መጠየቅዎ ግን አስገርሞኛል። ምን ይለወጥበታል? የባለቤትዎ ወንድም እንደ ሁልጊዜው በማለዳ ተነስቶ የቤትዎን ጋራዥ በር ሽቅብ ይከፍታል፤ ብርድ ከሆነ ካፖርቱን ደርቦ፣ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ፣ ራዲዮ እየሰማ አላፊ አግዳሚውን ይሳደባል። እርስዎ ሲሄዱ የነገሩኝን አልረሳሁም፤ «በሩ ከተከፈተ ላይል ተነስቷል ማለት ነው። ካልተከፈተ ቁልፉ አንተ ዘንድ ነው።» ቤቴ ፊት ለፊቱ ነው፤ በየማለዳው ከመስኮቴ አያለሁ። ድርጅት መጣ አልመጣ፣ በር በር ነው።

አክባሪዎ
ዌንዴል ክራውስ


ኩስ ቤይ፣ ኦሪገን
ማርች 29

ዌንዴል ጎረቤቴ፤

ሰላምታዬ ይድረስህ። ኢንግሪድ ደህና ናት፤ ስለሷ ሌላ ጊዜ እጽፍልሃለሁ።

ባዶ ወረቀት ላይ ፈርሜ የሰጠሁህ ስለማምንህ ነው። አሁንም አምንሃለሁ። ሣሩን ማን ያጭደው፣ በረዶውን ማን ይጥረገው፣ ግድ የለኝም። ነገር ግን አንተ ውሃ ቀጠነ የምትል ሰው ነህ፤ እንዲህ ያለ ሰው ደግሞ ቢጤውን ሲቀጥር ያስፈራኛል።

የምለምንህ አንድ ነገር ነው። ስለ በሩ አስቀድመህ ንገራቸው፤ በጽሑፍ ንገራቸው። ኢንግሪድ የአረጋውያን መጦሪያ ቤት ሥዕል ያለበት ወረቀት በየሳምንቱ እያመጣች ጠረጴዛዬ ላይ ታስቀምጣለች። «እማዬ፣ ግማሽ ጎኑ የማይታዘዝለት ሰው እንዴት ብቻውን ይኖራል?» ትለኛለች። እኔም ያንኑ እመልስላታለሁ፤ «ብቻውን አይደለም። በሩ ክፍት ነው።» ስትሮክ በመታው ጊዜ ማገገሚያ ቤት ውስጥ ምን ሆኖ እንደነበር አይተሃል። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ እህል እምቢ ብሎ ነበር። ባሌ በሕይወት ሳለ ከዚያ አውጥተን ያመጣነው እኔና እሱ ነን፤ ያኔ ለተሽከርካሪ ወንበሩ መወጣጫውን የሠራህልን አንተ ነህ። ያ በር ከተዘጋ ለልጄ የምመልሰው የለኝም፤ ላይልም ወደ መጦሪያ ይሄዳል።

ትናንት ደውሎልኝ፣ ነጭ መኪና የያዘ ጎረምሳ ቆሞ ፎቶ አነሳኝ አለኝ። ምን አደረግህ ብለው፣ «ምን አደርጋለሁ፣ ጸጉሬን አበጠርኩለት» አለኝ። ለጋዜጣ መስሎታል። እባክህ ለምን እንደሆነ ጠይቅልኝ።

ኮሪን


ፕለም ኮርት
ኤፕሪል 18

ይድረስ ለተከበሩ ወይዘሮ ኮሪን፤

ከሰላምታው በፊት ይቅርታውን ላስቀድም፤ መልሴ ዘግይቷል። የሚያስደስት ነገር ይዤ ልጻፍልዎ ብዬ ስጠብቅ ነበር። ስላላገኘሁ ያለኝን እጽፋለሁ።

አዎ፣ ነግሬያቸዋለሁ። መጀመሪያ ስደውል ማሽን አነሳ፤ ለዚህ አንድን፣ ለዚያ ሁለትን ይጫኑ አለኝና ሙዚቃ ከፈተልኝ። ሙዚቃው ሲያልቅ ኬይሊ የምትባል ልጅ ቀረበች። ጨዋ ልጅ ናት፤ ስለ ላይል ያልኳትን ሁሉ ጻፈች። በሳምንቱ ስደውል ኬይሊ ሥራ ለቃለች። በቦታዋ የገባው ብራንደን የሚባለው ላይል የሚባል ስም ሰምቶ አያውቅም። ከሀ ጀምሬ ነገርኩት። በትሕትና፣ «ጌታዬ፣ በድረ ገጻችን ቢያስገቡልን» አለኝ። አስገባሁ። የመጣልኝ መልስ ጥያቄዎ ደርሶናል፣ ለአገልግሎታችን ስንት ኮከብ ይሰጡናል የሚል ነው። ሳያነቡኝ ኮከብ ለመኑኝ።

ከዚያ ማስጠንቀቂያው መጣ። ላይል ምርኩዙን ይዞ ራሱ መንገድ ተሻግሮ አመጣልኝ። «ሊቀመንበር፣ ፎቶዬ ወጣልህ» ብሎ ሰጠኝ። እውነቱን ነው፣ ጸጉሩ ተበጥሯል። ከሥዕሉ በታች የደንባችን አንቀጽ ተጠቅሷል፤ የጋራዥ በር ተሽከርካሪ ሲገባና ሲወጣ ካልሆነ በቀር በማናቸውም ጊዜ ተዘግቶ መቆየት አለበት ይላል።

ይህን አንቀጽ ማን ጻፈው ብለው ይጠይቁኝ ይሆናል። የረሱት አይመስለኝም። እኔ ነኝ የጻፍኩት። ራስሙሰን ጋራዡን ከፍቶ የጀልባ ሞተር እያስጮኸ መላውን ሰፈር እንቅልፍ በነሳ ጊዜ የጻፍኩት እኔ ነኝ። «በማናቸውም ጊዜ» የሚለውን መርጬ ያስገባሁትም እኔ ነኝ። ልዩ ሁኔታ በደንብ ውስጥ ማለት ከድልድይ ላይ የጎደለ ብሎን ነው ብዬ ስናገር ጉባኤው አጨብጭቦልኛል። እርስዎም አጨብጭበዋል። ያኔ ላይል እዚህ አልነበረም።

ላይል ከመጣ በኋላ ደንቡን ማንም አላነሳበትም። ያየ ሰው እጁን አውለብልቦ ያልፋል። ስንኖርበት የቆየነው እንደዚያ ነው፤ ደንቡ በወረቀት፣ ምሕረቱ በዓይን። የቀጠርኩት ድርጅት ግን ያለው ካሜራ ነው።

ለብራንደን ደውዬ ብዙ ተናገርኩት፤ ጮህኩም። ታግሶ ሰማኝና፣ «ጌታዬ፣ አንዱን ቀጥተን ሌላውን ብንተው ማኅበሩ ይከሰሳል» አለኝ። ልክ ነው። ያሳበደኝም ልክ መሆኑ ነው፤ በእሱ ቦታ ብሆን የምለውን ነው ያለኝ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ። ወረቀቱ የእኔ ነው፤ ሞኙ ማን እንደሆነ ለእርስዎ ፍርድ እተዋለሁ።

መፍትሔ አላጣም። አይስጉ።

ዌንዴል


ፕለም ኮርት
ሜይ 21

ይድረስ ለተከበሩ ወይዘሮ ኮሪን፤

እንደምን ሰነበቱ? የባሕር ሥዕል ያለበት ካርድዎ ደርሶኛል። በካርዱ ጀርባ ለጻፏት አንዲት ጥያቄ መልሴ አዎ ነው፤ አሁንም ይከፍታል።

መፍትሔ አላጣም ብዬዎት ነበር፤ አግኝቻለሁ። የድርጅቱን የቁጥጥር መመሪያ ከዳር እስከ ዳር አነበብኩት። እነሱ ራሳቸው አንብበውት አያውቁም። ለአየር ማስገቢያ ከመሬት ስንዝር ያህል ከፍ ያለ በር እንደተዘጋ ይቆጠራል የሚል መሥመር አለው። ብራንደን ስለለቀቀ የተካችው ትሬሲ የምትባል ሴት በጽሑፍ እንድታረጋግጥልኝ አደረግሁ። ከዚያም መሣሪያዬን ይዤ ሄጄ፣ በሩ ስንዝር ላይ ሲደርስ እንዲቆም ሞተሩን አስተካከልኩት። በትክክል ይቆማል። ፎቶ አንሺው መጣ፣ ለካ፣ ሄደ።

ላይል ውስጥ ተቀምጦ ሰውን የሚያየው በጫማው ሆኗል። ትናንት በደጁ ሳልፍ ድምፁ ከሥር መጣ። «ሊቀመንበር፣ ያንተን ጫማ አላጣውም። ሰው ሊከስ የሚሄድ ጫማ ነው።» የራስሙሰንስ ብለው፣ «እሱማ ብርጭቆ የሰበረ ልጅ ጫማ ነው፤ ኮቴውን አጥፍቶ ያልፋል» አለኝ። ደህና ነው፤ ይበላል፤ ይሳደባል።

የሚያናድደኝ ሌላው ነው። ድርጅቱ ያመጣቸው ሣር አጫጆች የመግቢያውን አበባ ከሣሩ ጋር አብረው ወሰዱት። አቤቱታ ሳቀርብ ከሌላ ሰፈር የተነሳ፣ አምሮ ያበበ የአበባ ፎቶ ላኩልኝና «ተስተካክሏል» አሉ። የኩሬው ፓምፕ እንደገና ቆሟል። ትሬሲ፣ ፓምፕ የሚባል ነገር በውላችን ውስጥ የለም ትላለች፤ እኔ በውሉ ውስጥ ፓምፕ የሚለው ቃል የት እንደሆነ አሳየኋት፤ እሷ ደግሞ የጥገና እንጂ የማስነሳት ግዴታ የለብንም አለች። ፓምፕ ሳይነሳ እንዴት ይጠገናል? በድልድይ ሥራ እንዲህ ያለ ነገር የተናገረ ሰው ማግሥቱን ሥራ የለውም። (ከዚህ ጋር ሌላ ገጽ አያይዣለሁ፤ ዝርዝሩ በሙሉ እዚያ አለ።)

አክባሪዎ
ዌንዴል


ኩስ ቤይ
ጁን 2

ዌንዴል፤

ሰላም ለአንተ ይሁን። ስለ ድርጅቱ ያያያዝከውን ገጽ አላነበብኩትም፤ አትቀየመኝ። ስለ ፓምፑ አንድ ገጽ ሙሉ ጽፈህ ስለ ላይል ጥቂት መሥመር ትሰጠኛለህ። ቀልዱን ነገርከኝ፤ ሳቅኩም። ቀልዱ ግን ጋራዥ ውስጥ በከፊል ጨለማ የተቀመጠ ሰው ቀልድ ነው።

እኔ መሐንዲስ አይደለሁም። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅህ። ያ ስንዝር የተከፈተው በር ማታ ማታ ይዘጋል ወይስ እንዲሁ ያድራል? እንዲሁ የሚያድር ከሆነ፣ ጠዋት ላይል መነሳቱን በምን ታውቃለህ?

ቶሎ መልስልኝ። ኢንግሪድን ጥዬ መምጣት አልችልም። ለምን እንደማልችል አሁን አትጠይቀኝ።

ኮሪን


ፕለም ኮርት
ጁን 14

ወይዘሮ ኮሪን፤

ደብዳቤዎ ሲደርሰኝ መልሱ ቀድሞኝ ነበር። ይህን ሲያነቡ ከሆስፒታሉ ሰምተዋል። እኔ አስቀድሜ ልደውልልዎ ይገባኝ ነበር። ስልኩን አንስቼ መልሼ ዘጋሁት፤ ስናገር የምጮኸው በማን ላይ እንደሆነ ስላላወቅሁ ነው። ይቅርታ ያድርጉልኝ።

ላይል በሕይወት አለ። ጋራዡ ውስጥ ወድቆ ዳሌው ተሰብሯል፤ ተጠግኗል። ሐኪሙ ይድናል ይላል።

የጠየቁኝን ልመልስ። አይዘጋም ነበር፤ እንዲሁ ያድር ነበር። ማታ መዝጋት፣ ጠዋት ያንኑ ስንዝር ለመክፈት እንደገና መነሳት ለእሱ ድካም ብቻ ነው። እኔም አላሰብኩበትም። በሩ የተስተካከለው ለፎቶ አንሺው ነበርና ፎቶ አንሺውን ብቻ ነው ያሰብኩት። ቀድሞ በሩ ሙሉ ሲከፈት ተነሳ፣ ሲዘጋ ተኛ ማለት ነበር። እኔ ያስተካከልኩት በር ግን ሲነሳም ስንዝር፣ ሲተኛም ስንዝር፣ ሲወድቅም ስንዝር ነው። በትክክል ይቆማል ብዬ ጽፌልዎ ነበር።

በወደቀበት ቀን በደጁ አልፌያለሁ። ራዲዮው ይሰማ ነበር። ሰላም አልኩት፤ ስለ ጫማዬ ምንም አላለኝም። የራዲዮው ጨዋታ ይዞት ነው ብዬ አለፍኩ። ማታ ስመለስም ራዲዮው እንደዚያው ነበር። ያገኘው በማግሥቱ ራስሙሰን ነው። ሰላም ብሎት መልስ ሲያጣ፣ ያ ግዙፍ ሰውዬ በደጁ አስፋልት ላይ በደረቱ ተኝቶ በስንዝሩ ሥር ተመለከተ። ቁልፉ እኔ ዘንድ ነበር፤ እኔ ግን ሥራ ላይ ነበርኩ። በሩን በእጁ ገንጥሎ ገባ።

ድርጅቱ ስለ ተገነጠለው በር ማስጠንቀቂያ ልኳል። የተጻፈው በእርስዎ ስም ነው። ቀድጄዋለሁ።

ዌንዴል


ኩስ ቤይ
ጁላይ 5

ይድረስ ለአቶ ዌንዴል ክራውስ፤

ደብዳቤዎ ደርሶኛል። ስለ ዝርዝሩ አመሰግናለሁ።

ልጄ ለላይል እዚህ ከእኛ አቅራቢያ ባለ መጦሪያ ቦታ ይዛለታለች። እዚያ ያለው ማገገሚያ እንደለቀቀው ይመጣል። የፕለም ኮርቱ ቤት በኦክቶበር ይሸጣል። ቁልፉን ለሻጭ ወኪሏ እንዲሰጡልኝ እጠይቃለሁ።

በእርስዎ ስም የሰጠሁትን ውክልና ከዛሬ ጀምሮ ሽሬዋለሁ። ከእንግዲህ በስሜ ድምፅ እንዳይሰጡ።

ለሠሩልን መወጣጫ ባሌም እኔም አመስግነንዎት ነበር።

ኮሪን ሃልቮርሰን


ፕለም ኮርት
ኦገስት 9

ይድረስ ለተከበሩ ወይዘሮ ኮሪን፤

እንደምን አሉ? «እርስዎ» ብለው ስለጻፉልኝ አልተቀየምኩም። ለእኔ ይገባል። ደብዳቤው ከደረሰኝ ጀምሮ ስንት ጊዜ እንዳነበብኩት ግን አልነግርዎትም።

ለወኪሏ ቁልፉን እንዳልሰጠሁ ሰምተው ለምን ብለው በእሷው በኩል ጠይቀዋል። ምክንያቱን ልንገርዎ፤ ከዚያ የወደዱትን ያድርጉ።

ላይልን በየምሽቱ ከሥራ ስወጣ ማገገሚያው እየሄድኩ አየዋለሁ። ፊቱን ወደ ግድግዳ አላዞረም። ግን ጀምሯል፤ እርስዎ ባሉት አኳኋን ትንሽ ትንሽ እያዞረ ነው። መጦሪያ እንደሚሄድ ነግረውታል። አልተቃወመም። አንድ ቀን ብቻ፣ «ሊቀመንበር፣ እዚያ የምሄድበት ቤት በሩ ስንት ስንዝር ነው?» ብሎ ጠየቀኝ።

ስለዚህ አጠቃላይ ስብሰባ ጠራሁ፤ አንደኛ ያን አንቀጽ ለመለወጥ፣ ሁለተኛ ድርጅቱን ለማሰናበት። ለመጥራት እንኳን የድርጅቱ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ጥሪውን የሚልኩት እነሱ ናቸው። የተሳሳተ ቀን ጽፈው ላኩት። አርሙልኝ አልኩ፤ ማረሚያውን የተሳሳተ ቦታ ጽፈው ላኩት። ራሴ በየቤቱ እየዞርኩ አንኳኳሁ። እኔን በበራቸው ያዩ ሰዎች መብራት እያጠፉ ተደበቁ፤ የቅጣት ወረቀት ያመጣሁ መስሏቸው ነው።

በሉተራኑ ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ተሰበሰብን። ራስሙሰን ዶናት ይዞ መጣ። አዎ፣ ራስሙሰን። ከእኔ ቀድሞ ደርሶ ወንበር ሲዘረጋ አገኘሁት። «ያንን ደንብ ስትጽፍ ስለ እኔ እንደሆነ አውቃለሁ» አለኝ። አዎ፣ ስለ አንተ ነው ብዬ አመንኩ። «ጥሩ አድርገህ ነው የጻፍከው፤ በጣም አስጮህ ነበር» አለኝና ወደ ወንበሩ ተመለሰ። ያን ሁሉ ዓመት ስንጣላ አንዴ እንኳን እንዲህ አላወራንም።

ምልዓተ ጉባኤ አልሞላም። የጎደለው የአንድ ቤት ድምፅ ነው። ስሙን ደረቱ ላይ የለጠፈ የድርጅቱ ሰው፣ አዲስ ነው፣ ከበፊቶቹ አንዳቸውንም አይመስልም፣ ሰዓቱን አይቶ ስብሰባ የለም አለና ወረቀቱን ሰበሰበ። ለመከራከር አፌን ከፈትኩ። ልክ ነበር። ደግሞ ልክ ነበር።

የጎደለው ቤት የእርስዎ ነው። ወቀሳ እንዳይመስልዎት፤ ቆጥሬ ነው። በሴፕቴምበር፣ ላይል ሳይሄድ፣ እንደገና ጠርቻለሁ። ውክልናውን ለእኔ ይስጡኝ አልልም። ለራስሙሰን ይስጡት። በሩን የገነጠለው እሱ ነው።

ዌንዴል


ኩስ ቤይ
ኦገስት 24

ዌንዴል፤

ኢንግሪድ ደህና ናት እያልኩ የጻፍኩልህ ሁሉ ውሸት ነው። ደህና አይደለችም። አንተ ስለ ላይል የምትደብቀኝን እየፈለግሁ እኔም የራሴን ደብቄህ ቆየሁ። ማን ማንን እንደሚወቅስ እንጃ።

የላክኸውን ደብዳቤ አልጋዋ አጠገብ ትቼው ኖሮ አንብባዋለች። ስትጨርስ ስለ በሩ ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት። ከዚያ ላይልን በስልክ አስጠራችውና ስለ መጦሪያው የማይወደው ምን እንደሆነ ጠየቀችው። ድምፅ ማጉያው በርቶ ስለነበር ሰማሁ። «ልጄ፣ አንድ ጊዜ ገብቼበታለሁ። እዚያ ቤት ሁሉም ነጠላ ጫማ ነው የሚያደርገው። ወደ የትም የሚሄድ ሰው የለም» አላት። ኢንግሪድ ስልኩን ዘጋች። ከዚያ የመጦሪያውን ወረቀቶች ከጠረጴዛዬ ላይ አንስታ ጣለቻቸው። «እማዬ፣ እኔ ራሴ ሆስፒታል በገባሁ ቁጥር አውጡኝ እያልኩ አይደል የማስቸግርሽ» አለችኝ።

የቤቱ ሽያጭ ይቆይ። አንቀጹ ከተለወጠ ላይል ይመለሳል። ካልተለወጠ ወደዚህ ይመጣል። ነገሩ እዚያ ላይ ነው ያለው፤ ታውቀዋለህ።

ውክልናውን በዚህ ውስጥ አድርጌያለሁ። ለአንተ አይደለም፤ ለራስሙሰንም አይደለም። ስሙን አንብበው። ይህን ጊዜ ባዶ አልተውኩትም።

ሌላ ደግሞ፣ ስለ ድርጅቱ ከእንግዲህ አትጻፍልኝ። አልችልም። ስለ በሩ ብቻ ጻፍልኝ።

ኮሪን


ፕለም ኮርት
ሴፕቴምበር 25

ይድረስ ለተከበሩ ወይዘሮ ኮሪን፤

ለኢንግሪድ ምሕረቱን ያውርድላት። ስለ ድርጅቱ እንዳልጽፍ ቢያዙኝም፣ ስብሰባው እንዴት እንደሆነ ለመንገር የግድ ስሙን ላንሳው። ይህ የመጨረሻዬ ነው።

በውክልናው ላይ የላይልን ስም ሳይ መጀመሪያ ደንቡን ነው የከፈትኩት። ተወካዩ የቤት ባለቤት መሆን አለበት የሚል ፈለግሁ፤ የለም። ሳልጽፈው ቀርቻለሁ። ቀዳዳ ስለተውኩ ራሴን ሳመሰግን የመጀመሪያዬ ነው።

ራስሙሰን በተሽከርካሪ ወንበር ገፍቶ አመጣው። ጸጉሩ ተበጥሯል። ምድር ቤቱ መወጣጫ ስለሌለው ሁለታችን ከነወንበሩ ተሸክመን አወረድነው፤ በየደረጃው «ሊቀመንበር፣ በአንተ በኩል ዘሟል» ይለኝ ነበር። የድርጅቱ ሰው ቆጠረ። ሞላ።

ድርጅቱን የማሰናበቱ ሐሳብ ወደቀ። ማን በምትካቸው ይሠራል ብሎ አንዱ ሲጠይቅ፣ እኔን ጨምሮ እጁን ያወጣ የለም። ላይል ራሱ እንዲቆዩ ነው ድምፅ የሰጠው። ምነው ላይል ብለው፣ «ካልቆዩማ አንተ ልትመለስ ነው» አለኝ። ሰዉ በሙሉ ሳቀ። ከዚህ ሁሉ በኋላ ያው ድርጅት፣ ያው ማሽን፣ ያው ኮከብ።

ወደ አንቀጹ መጣን። እኔ ለሳምንታት የለፋሁበትን ማሻሻያ አነበብኩ፤ ፍቺ አለው፣ ንዑስ ቁጥር አለው፣ ሁኔታ ተዘርዝሮበታል። ጉባኤው አንገቱን ደፍቶ ሰማኝ። ሳበቃ የድርጅቱ ሰው፣ የአካል ጉዳት ማስረጃ ማን ያረጋግጣል ብሎ ጠየቀ፤ ክርክር ሊጀመር ሆነ። ያኔ ላይል እጁን አነሳ። የሚታዘዝለትን እጅ። ቃላቱ ቀስ ብለው ነው የሚወጡት፤ ሁሉም ጠበቀው።

«ሰው ከተቀመጠበት ይከፈት» አለ።

ራስሙሰን ደገፈ። እጆች ወጡ። አለፈ።

ያጸደቅነው ይኸው ነው፤ የጋራዥ በር ሰው ከተቀመጠበት ይከፈት። ማን ሰው? እስከ ስንት ሰዓት? መቀመጥ ማለት ምንድን ነው? ጀልባ የሚያሳልፍ ቀዳዳ አለው፤ የራስሙሰን ጋራዥም በማግሥቱ ተከፍቶ፣ እሱ ጀልባዋ አጠገብ ወንበር ዘርግቷል። በዕድሜዬ እንዲህ ያለ ልቅ ዓረፍተ ነገር ላይ ፈርሜ አላውቅም። እንደ ሊቀመንበር ፈረምኩበት። አንድም ቃል አልነካሁም።

በሩን ራስሙሰንና እኔ መልሰን ገጠምነው። የስንዝሩን ማቆሚያ ነቅዬ ጣልኩት፤ ሙሉ በሙሉ ይወጣል፤ ሙሉ በሙሉ ይወርዳል። ላይል ቅዳሜ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ቁልፉ ከእኔ ሌላ ራስሙሰንም ዘንድ አለ።

አክባሪዎ
ዌንዴል


ፕለም ኮርት
ሴፕቴምበር 30

ወይዘሮ ኮሪን፤

በሩ ተከፍቷል።

ዌንዴል